ሶፕራኖዋ የት ሄደች?

ባለፈው ወር ከነቀምቴ ወደ አኖ ለለቅሶ ስሄድ፣ ገና ከመናኸሪያው እንደወጣን ሾፌሩ ያንን ዘፈን ከፈተው። ሾፌሩ ጢሙ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ሊኖረው የሚችል ሰው ነው። ዘፈኑን ግን እንደ አዲስ ነገር ነበር የሚያዳምጠው፤ አንዱ ወጣት በቅርቡ ከበሮና ጩኸት ጨምሮበት እንደገና ዘፍኖታልና። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ ቃሪያ የሞላ ዘንቢሏን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ አብራ ታንጎራጉራለች። ከኋላም አንድ ሁለት ሰው ተቀበላት። ዜማው የማን ነው ብትሉኝ የኔ ነው፤ ቢያንስ የድሮው ካሴት ላይ እንደዚያ ይላል። ሽፋኑ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል «ዜማ፦ ወይንሸት» ተብሎ ተጽፏል። የአባቴን ስም ለመጨመር ቦታ አልበቃቸውም መሰለኝ። ይህ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የምሆነውን ያን ቀንም ሆንኩ፤ ግማሹ ኩራት ነው፣ ግማሹ እፍረት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ዛሬም አላውቅም።

የምሄደው የመዘምራን አስተማሪያችንን ለመቅበር ነበር። ሁላችንም ባርሲሳ ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ሌላ ስም እንዳላቸው ያስታወስኩት ሞታቸው በስልክ ሲነገረኝ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ተወለዱባት ወደ አኖ ተመልሰው እዚያው ነበር የሚኖሩት። አኖ ሩቅ አይደለችም፤ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናት፤ ሰው ጠዋት ሄዶ ጉዳዩን ጨርሶ ምሳውን ነቀምቴ ይበላል። እኔ ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ወርጄባት አላውቅም። አኖ ውስጥ ድንቂቱ አለች። ድንቂቱ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ይሄ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈንም የእሷ ነው፤ ወይም አይደለም። ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ነው ይሄንን የምጽፈው፤ ጽፌ ስጨርስ ምናልባት ለራሴም ይገባኝ ይሆናል። ነገሩን ከኔ ሌላ የሚያውቁት ባርሲሳ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ አንድ ሰው ጎደለ፤ ነገ እኔም ልጎድል እችላለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ የገባሁት፣ ዛሬ ለድንቂቱ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የኛ መዘምራን እንዴት እንደሚለማመዱ ማወቅ አለባችሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናቴ የዚያው የነቀምቴ ሰው ናት። ቤታችን ውስጥ ቁጣ በአማርኛ፣ እሹሩሩ በኦሮምኛ ነበር፤ አባቴ ሲያረጅ ደግሞ ተገላብጦ እሱ በኦሮምኛ መቆጣት ጀመረ። እሁድ እሁድ አባቴ ወደራሱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ እናቴ እኔን ይዛ ወደራሷ ጸሎት ቤት ትሄዳለች። እዚያ ነው ባርሲሳ ድምፄን ሰምተው «አንቺ አልቶ ነሽ» ያሉኝ። በሽታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ከዋናው ዜማ ሥር የሚሄደው ወፈር ያለ የሴት ድምፅ ነው። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዋናውን ዜማ የሚይዙት ባለ ቀጭን ድምፅ ሶፕራኖዎቹ አዳራሹ ውስጥ፣ እኛ አልቶዎቹ የሕፃናት መማሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከወንዶቹ ቴነሮቹ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ባሶቹ የማገዶው ክምር አጠገብ እንቆማለን። ባርሲሳ አኮርዲዮናቸውን ደረታቸው ላይ አስረው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ለእያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ያስጠናሉ። አራቱ ድምፆች የሚገናኙት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያኔም ቢሆን ጎረቤትን መስማት ክልክል ነው። «የራስሽን ያዢ! የራስሽን ያዢ!» እያሉ በመስመራችን መሀል ይዘዋወራሉ፤ ጆሯቸውን ወደያንዳንዳችን አፍ ጠጋ ያደርጋሉ። ሶፕራኖዎቹ የሚቆሙት በስተቀኛችን ስለነበር፣ እንዳይጎትቱን ብለን እኛ አልቶዎቹ የቀኝ ጆሯችንን በጣት ደፍነን ነበር የምንዘምረው። እንዲህ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ዘመርኩ። የአንድም መዝሙር ዋናውን ዜማ አላውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እናቴ ማጀት ሆና «እስቲ የዛሬውን መዝሙር አሰሚኝ» ትለኛለች፤ እኔ አልቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወርድላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ግራ ገብቷት «ይሄ የምን ሙሾ ነው?» ትለኛለች። ለኔ ግን መዝሙሩ እሱ ነበር፤ ሌላ መዝሙር የለም።

ድንቂቱ ሶፕራኖ ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ። ከልምምድ ስንመለስ በአምስት ሳንቲም ፓስቲ ገዝተን፣ በወረቀት ጠቅልለን፣ ዘይቱ ጣታችንን እያወዛው፣ የላስቲክ ኮንጎ ጫማችን በጭቃው እየተሳበ እንሄዳለን። ኮንጎ ጫማ የማያውቅ ትውልድ ስለ ጭቃ ምን ያውቃል! በአንድ ክረምት አባቷ ቡና ይዞ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ ሄዶ ቆየባቸው። ያኔ ነው ድንቂቱ ያንን ዘፈን ያወጣችው። ቃሉ በኦሮምኛ ነበር፤ ወንዙ ሳይሞላ ተመለስ፣ ወንዙ ከሞላም በላዩ ተጣራ፣ እሰማሃለሁ የሚል። መንገድ ላይ እንደ ቀልድ ጀመረችው፤ እኔም እንደ ልማዴ ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ከሥሯ የራሴን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። አባቷ በደኅና ከተመለሰም በኋላ ዘፈኑ የመንገዳችን ሆኖ ቀረ። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ። እሷ ጣቴን አይታ ትስቅብኛለች፣ «ያ ኢንታላ፣ እኔን ላለመስማት ነው አብረሽኝ የምትሄጂው?» ትለኛለች፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ግን ኮስተር ብላ «ያንቺ ከሌለ የኔ ይወድቃል» አለችኝ። ይህን ቃሏን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። አንዴ ደግሞ ባርሲሳ ከበሩ ሲወጡ ሰምተውን ቆሙና «ድገሙት» አሉን። ደገምነው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

አዲስ አበባ የሄድኩት ኡኬ የምትባል ከተማ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በዓመቱ ነው። ለክረምት ትምህርት ነበር። ኡኬ ያኔ ከአንድ መንገድና ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩ ቤቶች በቀር ሌላ አልነበራትም፤ አስተማሪ ሁሉ ቅዳሜን የሚጠብቃት ወደ ነቀምቴ ለመሸሽ ነው። እና ከዚያ ተነሥቼ አዲስ አበባ ስገባ ምን እንደሆንኩ አስቡት። አባቴ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ሰፋልኝ፤ ኮሌታው የነጭ ሸሚዜን ያህል የደረቀ ጃኬትም ጨመረበት። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ክተትልኝ ብዬ ለምኜው፣ «ልጄ አስተማሪ እንጂ ቁም ሳጥን አይደለችም» ብሎ እምቢ አለኝ። ጨርቁን የገዛንበት የነቀምቴው ባለ ሱቅ ጋሽ ሸምሱ፣ ጉራጌ ነው፤ ዘፈን እንደምወድ ያውቃል፤ ፒያሳ አካባቢ ካሴት ቤት ላለው ወንድሙ ለከድር ደብዳቤ ጻፈልኝ። አውቶቡሱ አኖ፣ ባኮ፣ ጌዶ፣ አምቦ እያለ ቀኑን ሙሉ ሄደ። አኖ ላይ ሲቆም የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ፤ ያኔ አኖ ለኔ የበቆሎ ከተማ እንጂ ሌላ አልነበረችም።

ማረፊያዬ ጉለሌ አክስቴ ቤት ነበር። ጠዋት ትምህርት አለኝ፤ ከሰዓት ግን እግሬ ሳላዘው ፒያሳ ይወስደኛል። አሁን ያ ሰፈር እንዴት እንደተለወጠ ልጄ በስልኳ ስታሳየኝ የማውቀው አንድ ጥግ አጣሁ። ያኔ ግን እያንዳንዱ ጥግ የራሱ ዘፈን ነበረው። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አውጥተው እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስሻገር በአንድ ጊዜ አራት አምስት ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል። የቱን ልስማ? ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰዎች እያዩ ሳቁብኝ። የፎቶ ቤቶቹ መስተዋት ላይ ትከሻቸው በስፖንጅ ያበጠ ዘፋኞች አገጫቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ የሲኒማው ሰልፍ ጥግ ይዞራል፤ የኬክና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ሚሌፎኒ ኬክ ሽልንግ፣ ኀምሳ ሳንቲም ነበር፤ ሲነክሱት ስኳሩ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ዘፋኝ ልሁን እላለሁ፣ በማግስቱ ቲያትር አይቼ ስወጣ ተዋናይ፣ በሦስተኛው ቀን መጽሐፍ አዟሪ ፊት ቆሜ ደራሲ። ማታ አክስቴ ቤት የትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ሳነበው አንዱ መስመር ከሌላው አይስማማም። እንደዚያ ክረምት ጭንቅላቴ የተከፈተበትም፣ የተምታታበትም ጊዜ የለም። ደስ ይለኝ ነበር ወይስ ያስፈራኝ ነበር? ሁለቱም ነበር መሰለኝ።

ከድር ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ «አብሽሪ እህቴ፣ የሸምሱ እንግዳ የኔም እንግዳ ናት» አለኝ፤ ያኔውኑ ከሱቁ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ይዞኝ ገባ። ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያልፍ ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎባታል። እዚያ ጋሽ ሰይፉ የሚባል ዘፈን አቀናባሪ ኪቦርዱ ላይ አጎንብሶ ሲጋራ ያጨሳል። ትልልቅ ዘፋኞች በዚያች ክፍል እንዳለፉ ከድር በጆሮዬ ነገረኝ።

«ከወለጋ ነሽ አሉኝ፤» አለ ጋሽ ሰይፉ ቀና ሳይል። «እስቲ ካገርሽ ያመጣሽልንን አሰሚን።»

መዝሙር ማሰማት አፈርኩ። ከመዝሙር ሌላ የማውቀው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ጣቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የዴዴሳውን አወረድኩለት። ሲጋራውን አስቀመጠና ድገሚው አለኝ። ደገምኩት።

«እንዴ!» አለ ወደ ከድር ዞሮ። «መውጣት ሲገባው ይወርዳል፤ መውረድ ሲገባው ባለበት ይቆማል። ሰው ይሄንን አይጠብቅም። አንቺ፣ ዜማው የማን ነው?»

«የጓደኛዬ ነው» አልኩት።

«እሷም እንዲህ ነው የምትዘፍነው? ልክ እንዲህ?»

«እሷ የራሷን ነው የምትዘፍነው፤» አልኩት። «ይሄ የኔ ነው።»

«ታዲያ ያንቺ ከሆነ የጓደኛዬ ነው ለምን አልሽ?»

ላስረዳው ሞከርኩ። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ባርሲሳ፣ ጣት፣ ጆሮ። ስናገር ለራሴም እየተምታታብኝ ሄደ። በዚያ ላይ አስቡት፣ አንድም ጊዜ ዜማው የእሷ ነው፣ የኔ አጃቢው ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ለኔ የኔው ዘፈን ነበር፤ አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማኝ ነበር፣ የጎደለው ግን ድንቂቱ አጠገቤ ስለሌለች ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ከድር ሰለቸውና «ፊትህ የቆመችውን ልጅ ስም ጻፍ እንጂ!» አለ። ጋሽ ሰይፉ ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። እዚህ ላይ ነው ትዝታዬ የሚከዳኝ። አንዳንድ ቀን «የሁለታችንንም ጻፍ» ያልኩ ይመስለኛል፤ ድምፄ ሁሉ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አጎንብሼ ጫማዬን ሳይ ትዝ ይለኛል። ስለ ጫማው እርግጠኛ ነኝ፤ ቡናማ ነበር፣ የግራው ማሠሪያ ተበጥሶ በጥቁር ክር ተቋጥሯል። የሻዩን ዋጋ አስታውሳለሁ፣ የካርቶኑን ቀለም አስታውሳለሁ፣ ሕይወቴን ሙሉ የጠየቅሁትን አንዱን ነገር፣ ያኔ ምን እንዳልኩ፣ አላስታውስም። የኦሮምኛው ቃል ቀርቶ የአማርኛ ግጥም ተጻፈበት፤ ስለ ከዳ ፍቅረኛ፤ የሚዘፍነውም ሌላ ሰው ሆነ። ለድካሜ አንድ ሚሌፎኒና ሁለት ባዶ ካሴት ተሰጠኝ። እኔም የዓለም ጫፍ የደረስኩ መስሎኝ ጉለሌ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ነቀምቴ ስመለስ ድንቂቱ የለችም። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ አግብታ ባሏን ተከትላ አኖ ገብታለች። ሠርጓ ላይ አለመኖሬ አንገበገበኝ፤ ልጠይቃት እሄዳለሁ እያልኩ ትምህርት ተከፈተ። ካሴቱ ወጣ። ጋሽ ሸምሱ ድምፅ ማጉያውን የሱቁ በር ላይ ሰቅሎ ጠዋት የከፈተውን ማታ ነው የሚዘጋው፤ አላፊ አግዳሚውን እየጠራ «የኛ አስተማሪ ናት! ቀሚሷም ከኔ ሱቅ ነው!» ይላል። አንድ ቀን እዚያው በር ላይ እንደ ሙሽራ እንኳን ደስ ያለሽ ስባል፣ ባርሲሳ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ አየኋቸው። ልምምድ ላይ አፋችን አጠገብ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ልክ እንደዚያ ነበሩ። ዘፈኑ አለቀ።

«ወይንሸት፣ ይሄ'ኮ አልቶው ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ ባርሲሳ።»

«ሶፕራኖዋ የት ሄደች?»

ቁጣ አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ፤ ከልምምድ የቀረን ሰው እንደሚጠይቁት። ጃንጥላቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ገባኝ። አዲስ አበባ ይዤ የሄድኩት ጥላውን ነው፤ ባለቤቱን ዴዴሳ ማዶ ጥዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ይምታታብኛል። ሰረቅሁ ካልኩ፣ የሰረቅሁት የራሴን ድምፅ ነው፤ ያንን ድምፅ እኔ ነኝ በጣቴና በጆሮዬ ፈልጌ ያገኘሁት። አልሰረቅሁም ካልኩ ደግሞ፣ የእሷ ባይኖር የኔ ከየት ይመጣ ነበር? «ያንቺ ከሌለ የኔ ይወድቃል» ነበር ያለችኝ። የእሷ ሳይኖር የኔ ግን አልወደቀም። አገር ዘፈነው። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር አውቶቡሱ አኖ ሲቆም ሻሼን እስከ ዓይኔ እሸፈናለሁ። የበቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ፣ አንዷ ድንቂቱ ብትሆንስ እላለሁ። ዘፈኑን ሰምታ ምን ያህል እንደምትጠላኝ በልቤ ሥዕሉን ጨርሼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ። ስልክ መጣ፤ ቁጥሯን ከሰው አገኘሁ፤ አልደወልኩም። ልጆች ወለድኩ፣ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ሌላ ዜማ ግን አንድም አልወጣኝም። አንዳንዴ ሰዎች ለምን ተውሽው ይሉኛል። የምተወው ነገር መቼ ነበረኝ?

እናም ሚኒባሱ አኖ አደረሰኝ። ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ሰው እየገፋች መጣችና ሳልነሣ አንገቴን አቀፈችኝ። በሳቋ ነው ያወቅኋት፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ በእጇ ሸፈነችው።

«ወይኒ! አካም ጅርታ? ፈያዳ? ደኅና ነሽ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደጄ ስታልፊ አንድ ቀን አትወርጂም?»

እጄን ይዛ ወጣች። የመኪናው መንገድ ዳር፣ ጥላ ያለው ቦታ ቆምን። ስለ ባሏ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ አዲስ አበባ ስላሉት ልጆቿ አወራችኝ። እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም፤ የምናገረውን እያሰላሰልኩ ነበር። ከዚያ እሷ ራሷ ጀመረችው።

«ያንቺን ዘፈን ገበያ ላይ ስሰማ፣ መኪና ውስጥ ስሰማ፣ ይሄን ያወጣችው ጓደኛዬ ናት እላለሁ። ልጆቼ ሰልችቷቸዋል። ወላሂ የሚሉት የአኖ ባለ ሱቆች እንኳ ባንቺ ምለው ነው የሚሸጡልኝ» አለችና ሳቀች።

ተንኮል ያለበት መስሎኝ ፊቷን አየሁ። ምንም የለበትም። ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለቂም ተዘጋጅቻለሁ።

«ድንቂቱ፣ ዘፈኑ ያንቺ ነው።»

«ማል ጄታ? ምን ትያለሽ?»

«የዴዴሳው ነው። አባትሽ የቆየ ጊዜ ያወጣሽው። ከልምምድ ስንመለስ የምንለው። እኔ የራሴን ወስጄ ዘፈንኩላቸው፤ ያንቺን ተውኩት። ስምሽንም አላጻፍኩም። ይቅር በይኝ።»

ድንቂቱ ግንባሯን ቋጠረች። አልተቆጣችም፤ ያልገባት ሰው ፊት ነው። «ተይ እንጂ፤» አለች። «እሱና ይሄ ምን አገናኛቸው? የኔ እንዲህ አልነበረም።»

ለካ አላወቀችውም! ሠላሳ ዓመት ስትሰማው አላወቀችውም። እንዴት ታውቀው? እሷም የባርሲሳ ልጅ ናት፤ የራስሽን ያዢ ተብላ ያደገች ሶፕራኖ። እኔ ከሥሯ ምን እንደምል አንድ ቀን አዳምጣ አታውቅም። የሸሸሁት ቁጣ አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ከምን ነበር የሸሸሁት?

«ታዲያ ያንቺ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«የኔማ...» ብላ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችና አንጎራጎረች። ከአፏ የወጣው የካሴቱ ዜማ ነው፤ የኔው አልቶ። ግማሽ መንገድ ደርሳ እሷም ሰማችው፤ አቆመች። እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳቅ አልነበረም።

«ወይኒ፣ የኔ የታለ?»

አለቀስኩ። ለባርሲሳ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። የእሷን ዜማ አለመስጠቴ ብቻ ሳይሆን፣ የኔው በየመኪናው፣ በየገበያው እየተከተላት ከራሷ ጭንቅላት ውስጥ አስወጥቶታል። አራቱንም ድምፅ የሚያውቁትን ሰው ደግሞ አሁን አፈር አልብሰናቸው መምጣታችን ነው። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ነቀምቴ ነቀምቴ እያለ ጠራን። ድንቂቱ በእጇ እለፍ አለችውና በስተቀኜ ዞራ ቆመች። የድሮ ቦታዋ ነው።

«በይ ያንቺን ያዢ፤» አለችኝ። «የኔ ካለ ከላዩ ነው የሚገኘው።»

ጀመርኩ። ጣቴ ሳላዘው ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ፤ የኦሮምኛው ቃል አፌ ላይ ነበር፣ የት ተቀምጦ እንደኖረ እንጃ። አንድ ዙር ብቻዬን ሄድኩ። በሁለተኛው ዙር ከአጠገቤ የሆነ ነገር ሲነሣ በጣቴ በኩል ተሰማኝ፤ ጥቂት ሄዶ ይሰናከላል፣ እንደገና ይነሣል። በሦስተኛው ዙር ጣቴን አወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሶፕራኖ አጠገቤ እየዘፈነች ጣቴን ያወጣሁት። ድምፁ የተሰነጠቀ የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ግን ይወጣል፤ የኔ በሚወርድበት ሁሉ ይወጣል፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ። የራሴ ጠፋኝ። ዝም አልኩ።

ድንቂቱም ቆመች። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ዓይኖቿ ልጅ ሆነዋል።

«ምነው አቆምሽ?» አለችኝ። «ይሄ ነው እንዴ? እንዲህ ነበር? ወይስ አሁን መፍጠሬ ነው?»

«አላውቅም፣ ድንቂቱ፤» አልኳት። «እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»